የአንገትህን ልክ ላክልኝ

ጥቅምት 12

ለማከብርሽ ለእትዬ፣

ከእናት ቀጥላ እናት ለሆነችኝ እህቴ ሰላምታዬ በያለሽበት ይድረስሽ። የጉልበትሽ ሕመም እንዴት ነው? እኔ በቸርነቱ ቆሜ እሄዳለሁ። አስተማሪዋን ልጅሽን ሳሚልኝ። የስፌት መኪናሽንም ሰላም በይልኝ፤ መቀለዴ አይደለም፣ እኔን ያሳደገችኝ እሷም ናት።

ሸሚዝ ልሰፋልህ ነው፣ የአንገትህንና የደረትህን ልክ ላክልኝ ብለሽ ነበር። እዚህ ሜትር ሞልቷል። እንደምታውቂው የሆቴሉ ሠራተኛ ሁሉ የሚለብሰው የደንብ ልብስ ከእኔ መጋዘን ነው የሚወጣው። አስተናጋጁም፣ ወለል ጠራጊዋም፣ ዘበኛውም ልኩን የሚናገረው ለእኔ ነው። አንዳንዱ ያፍራል፤ እኔም ሌላው እንዳይሰማ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እጠይቀዋለሁ። የራሴን ለመለካት ግን ከመጨረሻው መደርደሪያ ጀርባ ሄድኩ። ለምን እንደተደበቅሁ አላውቅም፤ ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም።

ልኩን በትንሿ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ። ከድሮው ትንሽ ይለያል፣ አትገረሚ። ከወረቀቷ ጋር የላክሁልሽን ፎቶ ያነሣኝ የሆቴሉ ሊፍት ጠጋኝ ነው። ቀልደኛ ሰው ነው፣ "መጋዘን" እያለ ነው የሚጠራኝ። ባለፈው ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ "አንተ መጋዘን፣ ዕቃው የት ገባ? ሌባ ገብቶብህ ነው እንዴ?" አለኝ። አብሬው ሳቅሁ። እሱ ሲሄድ ሳቄ ብቻውን ቀረ።

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ጸጥ እንዳለ ነው። ጸሎቴን ግን አላቋረጥኩም። ስለ እኔ አታስቢ።

አክባሪ ወንድምሽ


ኅዳር 24

ለድንቡሼ፣

ሰላምታዬ ከራስህ እስከ እግርህ ይድረስህ። ዛሬ ሰላምታ አላበዛም።

ይህ የማን አንገት ነው? ቁራጭ ወረቀቷን ሳያት "ተሳስቶ የልጅ ልክ ልኮብኝ ነው" አልኩ። ከዚያ ፎቶውን አወጣሁ። ልጄ በትከሻዬ አሻግራ አየችና "እማዬ፣ አጎቴ እንዴት አምሮበታል!" አትልም? "ወዲያ! ይህ ነው ማማር?" አልኳት። ጉንጭህ የት ሄደ? ስንቱን መከራ አሳልፌ ያበጀሁት ጉንጭ!

ወንድሜ፣ እኔ ሰው ሲከሳ አይቻለሁ። ሚስትህን አይቻለሁ። ለመጨረሻ ጊዜ የመጣችሁ ጊዜ ቀሚሷን ያጠበብኩላት እኔ ነኝ። ጎኗ ላይ ልይዝ ስል እጄ ውስጥ የገባው ጨርቅ ብቻ ነበር። "ትንሽ ነው እትዬ፣ ይመለሳል" አለችኝ። አንተም አሁን "ትንሽ ይለያል" ትለኛለህ። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ማለት ይኸ ነው።

ስልክ ደውለሽ ለምን አልጠየቅሽኝም እንዳትል። በስልክ ደህና ነኝ ማለት ለማንም ይቀላል። ፊደል ያስቆጠርኩህ ግን እኔ ነኝ። አንድ ነገር ስትደብቅ መስመርህ ወደ ታች ያዘነብላል። የመጨረሻዎቹን መስመሮች ተመልከታቸው፣ ቁልቁለት ይወርዳሉ።

ስለዚህ ለፈጣሪዬ ቃል ገብቻለሁ። አንገትህ ወደ ድሮው ልኩ እስኪመለስ ራት አልበላም። ሲመሽ ስምህን አነሣለሁ፣ ውሃዬን እጠጣለሁ፣ እተኛለሁ። አትከራከረኝ። ከእኔ ጋር ብትከራከር ታሸንፈኝ ይሆናል፤ ቃሉ ግን ከእኔ ጋር አይደለም።

እህትህ


ታኅሣሥ 19

ለእትዬ፣

ያለሽበት ቤት በረከት አይለየው። ደብዳቤሽን በሥራ መካከል ነው ያነበብኩት፤ አንድ የወጥ ቤት ሠራተኛ ሸሚዝ ሊቀበል መጥቶ ሁለት ጊዜ ጠርቶኝ አልሰማሁትም።

እባክሽ ራትሽን ብዪ። በሽታ የለብኝም። ሐኪም አለኝ፣ ደሜንም ልቤንም ይመረምራል፣ ከበፊቱ ይሻልሃል ነው የሚለኝ። ደረጃ ስወጣ እንደ ድሮው አላለከልክም። ጉልበቴም ቀሎኛል። አንቺ ባለሽበት ዕድሜ ላይ ራት መተው ቀልድ አይደለም።

የከሳሁበት ምክንያት አለ። ለመጻፍ ስለከበደኝ ነው እንጂ ክፉ ነገር ሆኖ አይደለም። አንድ ቀን እነግርሻለሁ። እስከዚያው እመኚኝ።

ወንድምሽ


ጥር 27

ለድንቡሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ተመስገን ነው።

ለመጻፍ የከበደህ ነገር ካለማ አልቆ የለ! እኔ ደግሞ ለመጠየቅ ከበደኝና ሁለታችንም ዝም እንበል። ሚስትህም "ሐኪሙ ይሻልሻል አለኝ" ትል ነበር። ሐኪም ሌላ ምን ይላል?

እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው ሳምንት የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ ስቆርጥ ዓይኔን ጨለም አደረገኝና መቀሱን እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። አትደንግጥ፣ ቀሚሱ አልተበላሸም። ልጄ ተቆጣች። "እማዬ፣ አጎቴን ልታድኚ ነው ወይስ ቀድመሽው ልትሄጂ?" አለችኝ። ዘንድሮ አስተማሪ የሚባለው ሁሉ አፉ ስለት ነው። ጎረቤቴ ጸጉር ሠሪዋም ማታ ማታ ሳህን ተሸክማ ትመጣለች። ተቀብዬ አመሰግናትና ጠዋት እበላዋለሁ።

አዲስ ልክ ላክልኝ። ጨርቁን ገዝቼ አስቀምጫለሁ፣ ሰማያዊ ነው። ዝቅ ያለ ልክ ከላክህ አልሰፋውም፤ ለዚያ አንገት መቀስ አላነሣም።

እህትህ


የካቲት 16

ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። እነሆ ልኩ። አንገቴም ደረቴም ጥሩ አድርጎ ተመልሷል። አሁን ራትሽን ብዪ። ሥራ ስለያዘኝ አሳጥሬ ነው የጻፍኩት።

ወንድምሽ


መጋቢት 22

ለድንቡሼ ለጌታዬ፣

ቸሩ አምላክ የተመሰገነ ይሁን! ወረቀቷን ሳያት መኪናዋ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፣ ክሩን ሁሉ አረጠብኩት። በማግስቱ ሸሚዙን ቆረጥኩ። ይኸው ልኬልሃለሁ። ኮሌታውን በድሮው ልክህ ነው የሠራሁት።

ግን ስማኝ። አንተ ስትጽፍ አላየሁም፣ ስትለካም አላየሁም። መስመሮችህ ደግሞ አራት ብቻ ናቸው፣ ያዘነብሉ አያዘንብሉ ማወቅ አልቻልኩም። ስለዚህ ሸሚዙን ለብሰህ፣ ከላይኛው ቁልፍ ጀምረህ ቆልፈህ ፎቶ ተነሣና ላክልኝ። ዓይኔ ያይና የዚያኑ ዕለት ራቴን እበላለሁ። እስከዚያው ቃል ቃል ነው።

እህትህ


ግንቦት 29

ለእትዬ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሸሚዙ ከደረሰኝ ቆይቷል።

ፎቶው ከዚህ ጋር አለ። እንደምታዪው ልኬ ነው። እጅሽ ይባረክ።

ወንድምሽ


ሰኔ 30

ለድንቡሼ፣

እልል በል! እኔማ ብያለሁ፣ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ጸጉር ሠሪዋ ሥራዋን ጥላ እየሮጠች መጥታ "ማን አገባ?" አለችኝ። "ወንድሜ ወፈረ!" አልኳት።

ያን ዕለት ራቴን በላሁ። ልጄ ሾርባ ሠራች፣ ዳቦ ቆረስኩ። ያን ጉንጭህን በፎቶው ላይ በጣቴ ስነካው ዋልኩ። አንገትህ ኮሌታውን ሞልቶታል፣ እንዲያውም ጨነቅ አድርጎታል። ጨምር፣ ጨምር! ቀጣዩን ሸሚዝ አንድ ጣት አሰፍቼ ጀምሬዋለሁ።

ዓይንህ ግን ለምን እንዲያ ፈዘዘ? ልጄ "ብርሃን ነው" ትላለች።

ከአሁን በኋላ እዚያው ላይ ጽና። ብትቀንስ እንደገና እጀምራለሁ፤ ቃሌን ለአንድ ጊዜ ብቻ አልገባሁትም።

እህትህ


ነሐሴ 17

ለእትዬ፣

ይህን ደብዳቤ ስትከፍቺ ልብሽ እንዲረጋ ለምኜልሻለሁ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ልጅሽ አጠገብሽ ብትኖር ደስ ይለኛል።

አልታመምኩም ያልኩሽ እውነት ነው። ሌላው ሁሉ ግን ግማሽ እውነት ነበር፣ የየካቲቱ ወረቀት ደግሞ ሙሉ ውሸት።

ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ለአንድ ሰው ማብሰል አቃተኝ። እጄ የለመደው ለሁለት ነው። ሁለት ሳህን አቀርብና የእኔን እበላለሁ። የእሷን ልደፋው ስነሣ እሷን የደፋኋት ይመስለኛል፤ ስለዚህ እሱንም እበላለሁ። በዚህ ዓይነት ዓመታት ሄዱ። ከመደርደሪያዬ ላይ የሚሆነኝ የደንብ ልብስ ጠፋና የሁለት ሸሚዝ ጎን አጋጥሜ ሰፋሁ። ስኳር ያዘኝ። ማታ ስተኛ ትንፋሼ ይቆም ነበር። ሐኪሙ በመጨረሻ "በዚህ ከቀጠልክ ዕድሜህ አጭር ነው" አለኝ። ሆዴን ቀደው የጨጓራዬን አብዛኛውን ቆርጠው አወጡት። የቀረችኝ ሆድ ከአንዲት ሙዝ አትበልጥም። ያን ሰሞን ነው በስልክ "ሥራ በዝቶብኛል" ያልኩሽ።

ለምን አልነገርኩሽም? እናታችን አንዷን ዳቦ ስትቆርስልን አንቺ የራስሽን ግማሽ ወደ እኔ ትገፊው ነበር። ለዚያች እህት "ስለበላሁ ብዛት ሆዴን አስቆረጥኩ" ብዬ ልጻፍ? ከልጅነቴ ጀምሮ የምጾም ሰው ነኝ። ስጾም ኖሬ ሆዴን አላሸነፍኩትም። ለጾም ያልታዘዘ ሆድ ለቢላ ታዘዘ። በጸሎቴ ላይ እንኳ ይህን ለማንሣት አፍር ነበር፣ እሱ ያላየው ይመስል።

በመጀመሪያው ዓመት ሥጋዬ እንደ በረዶ ቀለጠ። በሻይ ማንኪያ ነው የምበላው። ጸጉሬ ረገፈ፣ ኋላ ተመለሰ። በሙቀት ይበርደኛል። ጣፋጭ ከቀመስኩ ላብ ያጠምቀኛል፣ ልቤ ይደልቃል። ቆዳዬ ከውስጡ ጨርቁ የወጣበት ገበር መስሎ ተንጠለጠለ። ቢሆንም ደረጃ ወጣሁ፣ ጫማዬን ጎንበስ ብዬ አሠርኩ። ፎቶውን የተነሣሁት በዚያ ደስታ ነው። አንቺም ደስ የሚልሽ መስሎኝ ነበር። በእኛ ቤት መክሳት ምን ማለት እንደሆነ ረስቼ!

ከዚያ ራት ተውሽ። እውነቱን መጻፍ ሲገባኝ ሜትሩን ዋሸሁት። ሸሚዝሽ መጣና ለበስኩት፤ ኮሌታው ውስጥ እጄን በሙሉ ከተትኩ። እንዲህ ሆኜ ብታዪኝ መዋሸቴን ታውቂያለሽ፣ ራትሽም አይመለስም። ስለዚህ ሸሚዝሽን ለመሙላት መብላት ጀመርኩ።

እትዬ፣ የቀረችኝ ሆድ እንቁላልና ሥጋ ሲበዛባት በር ላይ ትመልሳለች። የሚሟሟ ነገር ግን አታግድም። ብስኩት፣ ጣፋጭ ወተት፣ ከረሜላ፣ ጥቂት በጥቂት ቀኑን ሙሉ። ላቡንም የልብ ምቱንም ቻልኩት። የምበላው እዚያው ከመጨረሻው መደርደሪያ ጀርባ፣ በዘበኞቹ ካፖርትና በአስተናጋጆቹ ሱሪ መካከል ቆሜ ነው። ሰው ሲገባ ፍርፋሪውን ከደረቴ ላይ አራግፌ "ልክህ ስንት ነው?" እላለሁ። ሸሚዙ ሞላ፣ ፎቶውን ተነሣሁ። በማግስቱ አቆማለሁ ብዬ ነበር። አላቆምኩም፤ ሰበቡ አንቺ ነበርሽ፣ አሁን ግን እጄ ራሱ ለመደ። ኮሌታው የጨነቀው ለዚህ ነው። ዓይኔ የፈዘዘውም በብርሃን አይደለም።

ስኳሬ እንደገና ወጥቷል። ክሊኒኩ ውስጥ ስለ አመጋገብ የምታማክር አንዲት ሴት አለች። ትቆጣኛለች ብዬ አንገቴን ደፍቼ ገባሁ። አልተቆጣችም። "ክብደት ከቀዶ ጥገና በኋላም ይወጣል፣ ይወርዳል። ትንሽ መመለሱን እንጠብቀዋለን፣ ውድቀት አይደለም" አለችኝ። ቀጥላ "ከማን ጋር ነው የምትበላው?" አለችኝ። ይህን ስትጠይቀኝ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ባለቤቴን በቀበርኩ ዕለት እንኳ ሰው ፊት አላለቀስኩም ነበር።

አሁን ክብደቴ መውረድ አለበት። እኔ ከቀነስኩ ግን አንቺ ራት ትተዪያለሽ። እኔ ስወፍር አንቺ ትበያለሽ፣ እኔ ስከሳ አንቺ ትራቢያለሽ፤ እንደ ሚዛን ሁለት ሳህን ሆንን። ይህን ተሸክሜ አንዲት ጉርሻም መዋጥ፣ አንዲት ጉርሻም መተው አልቻልኩም።

ቃል የገባሽው ስለ በሽታ ነው፤ በሽታው የለም። ከእንግዲህ አንገቴ አንድ ልክ የለውም። አንድ ጊዜ ይሰፋል፣ አንድ ጊዜ ይጠባል፣ እስክሞት እንዲሁ ነው። በእሱ ላይ ቃል አትግቢ። ቃልሽን ማጠፍ ኃጢአት ከሆነ በእኔ ላይ ይጻፍ፣ ለምኜዋለሁ።

ራትሽን ብዪ። ብቻ ራትሽን ብዪልኝ።

በደለኛው ወንድምሽ


ጥቅምት 25

ለእትዬ፣

ደብዳቤዬ እንደደረሰሽ ልጅሽ በስልክ ነግራኛለች። "እናቴ አንብባዋለች፣ አጣጥፋ የመኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ከታዋለች፣ ሌላ አልተናገረችም" አለችኝ። ራት ትበላለች ወይ ብዬ ጠየቅኋት። "እኔኑ ይጠይቀኝ ብላለች" አለችኝ።

እየጠየቅሁሽ ነው። ተቆጪኝ፣ ስደቢኝ፣ ግን መልስ ስጪኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 30

ለወንድሜ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። መልስ ያልሰጠሁህ ተናድጄ ነው። "አንተ ሞኝ" ብዬ እየጀመርኩ ብዙ ወረቀት ቀደድኩ። ይህኛውንም ልቀደው ነበር፣ ልጄ ከእጄ ቀማችኝ።

ያናደደኝ ሆድህን ማስቆረጥህ መሰለህ? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰውን ልብስ ሳጠብና ሳሰፋ የኖርኩ ሴት ነኝ። ሙሽራ ሆና የመጣች እናት ሆና ትመለሳለች፣ ታማ የመጣች ድና ትመለሳለች። አንዷንም "ለምን ልክሽ ተለወጠ?" ብዬ አላውቅም። ለደንበኛ የማልለውን ላንተ አልኩህ። ለምን እንደሆነ ስመረምረው ከረምኩ። እናታችንን ተከትሎ አባታችን ሞቶ አንተ በእጄ ስትቀር እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። ሰዎች "ይህች ልጅ ምን ታበላዋለች?" ይሉ ነበር። ያንተ ጉንጭ ነው መልስ የሰጣቸው። ድንቡሼ ያልኩህ ለዚያ ነው፤ ስምህን ስጠራ እንዲሰሙ ጮክ ብዬ ነበር። ለካ እስካሁን እየጮህኩ ኖሯል።

ፈጣሪንም በሜትር ልለካው ነበር፤ "ይህን ያህል ጣት መልስልኝ፣ ይህን ያህል ራት ልተውልህ" እያልኩ። እንደ ደንበኛ ተከራከርኩት። ይህን ከእሱ ጋር ጨርሻለሁ፣ አንተ አትግባበት።

ያልጨረስኩት ሌላ ነው። ደብዳቤህ ላይ ቢላው አለ፣ ሐኪሙ አለ፣ ብስኩቱ ሁሉ አለ። አንድ ነገር የለም። ቀደውህ ስትነቃ ከአልጋህ አጠገብ ወንበር ነበረ? ወንበሩ ላይስ ማን ተቀምጦ ነበር? ጨርቅ ስቆርጥ ይህን አስባለሁ፣ ክር ሳስገባ ይህን አስባለሁ። ንገረኝ። መስመርህ እንዳያዘነብል ቀስ ብለህ ጻፈው።

ራት በላሁ ወይ አልክ? አንተ መልስልኝና እኔም እመልሳለሁ።

እህትህ


ጥር 4

ለእትዬ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ቀስ ብዬ እየጻፍኩ ነው።

ወንበር ነበረ። የሁሉም አልጋ አጠገብ አንዳንድ አለ። በወዲያኛው አልጋ የተኛው ሰውዬ ወንበር ላይ ሚስቱና እናቱ በተራ ይቀመጡ ነበር። ነርሷ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ከመግባቴ በፊት "አስታማሚ አለህ?" ስትለኝ "እህቴ ትመጣለች" አልኳት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም፤ ወንበሬ ባዶ ነው ማለት አቃተኝ። ያን ለባለቤቴ ሐዘን ሰፍተሽ የላክሽልኝን፣ ኋላ ስወፍር ጎኑ ላይ ጨርቅ የቀጠልኩበትን ትልቁን ጥቁር ኮት ለብሼ ነበር የሄድኩት። አውልቄ ወንበሩ ላይ አኖርኩት። ስነቃ ጉሮሮዬ ደርቆ፣ ጎኔ እየጠዘጠዘኝ፣ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ትከሻው ሰው የተቀመጠበት ይመስል ነበር። ነርሷ መጥታ "እህትህ አልመጣችም?" አለችኝ። "እጇ ይኸውልሽ" ብዬ ኮቱን አሳየኋት። መድኃኒቱ ያስቀባጠረኝ መስሏት ፈገግ ብላ ሄደች። አላስቀባጠረኝም።

አሁን ብቻዬን አልበላም። ሆቴሉ ሥር ለሠራተኛ የሚሆን ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ ስንት ዘመን ሳልፍበት ተቀምጬበት አላውቅም ነበር። ሊፍት ጠጋኙ አጠገብ ተቀመጥኩና ነገርኩት፣ ሙዟን ጭምር። ማኘኩን አቁሞ አየኝ። "እና ሌባው ሐኪሙ ነበር በለኛ!" አለ። ከዚያ ሳህኑን ወደ እኔ ጠጋ አድርጎ "ቶሎ አትጉረስ፣ እጠብቅሃለሁ" አለኝ። ግማሽ እንቁላልና ጥቂት ምስር እስክጨርስ የእረፍት ሰዓቱ አለቀ። ተቀምጦ ጠበቀኝ። ብስኩቱን ሙሉ በሙሉ ትቻለሁ አልልሽም። ባለፈው ሳምንት ወደ መደርደሪያው ጀርባ ሄጄ ነበር፤ በልቼ ወጣሁና ለእሱ ነገርኩት። "ነገ ጠረጴዛው እዚያው ነው" አለኝ። ሌላ ምክር አልሰጠኝም።

ኮቱን በዚህ ጥቅል ልኬልሻለሁ። ለሁለት ሰው ይበቃል። አጥብቢልኝ ልል ነበር፤ ግን በምን ልክ እንደምልሽ ጠፋኝ። የዛሬውን ብልክ ኮቱ አንቺ ዘንድ እስኪደርስ ሌላ ይሆናል። ፈቃድ ጠይቄአለሁ፣ በሚያዝያ እመጣለሁ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ያልመጣሁት መጀመሪያ መወፈሬን፣ ኋላም መክሳቴን ፈርቼ ነው። በመጣሁበት ልክ ተቀበዪኝ።

ወንድምሽ


የካቲት 12

ለወንድሜ፣

ጤናህ ይብዛ፣ መንገድህ ይቅናልህ። ኮትህ ደረሰኝ።

ከጥቅሉ አውጥቼ አራገፍኩት። ኪሱ ውስጥ የከረሜላ ልጣጭ ነበር፣ ጣልኩት። የእኔን ስፌትም፣ አንተ ጎኑ ላይ የቀጠልከውንም መረመርኩ፣ አንድም ክር አልተፈታም። እንዴት ያለ ግዙፍ ሰው ነበርክ! መቀስ አንሥቼ ጎኑን ልፈታው ስል ተውኩት።

ራት ደረሰ። ልጄ ጠረጴዛውን ዘርግታ ሳህን ስታመጣ እኔ ሦስተኛውን ወንበር ሳብኩና ኮቱን አስቀመጥኩበት። ትከሻው ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፣ እውነትህን ነው። ልጄ "እማዬ፣ ኮቱን ለምን ወንበር ላይ አደረግሽው?" አለችኝ። "እንግዳ አለን" አልኳት። አየችኝና ሄዳ ሦስተኛ ሳህን አመጣች። "ትንሽ ሳህን አድርጊለት፣ ብዙ አይበላም" አልኳት።

ቆርሼ ጎረስኩ። ቶሎ ቶሎ አልጎረስኩም፤ ጠበቅሁህ።

ኮቱን አልነካውም። ሚያዝያ ስትመጣ በእጄ እለካሃለሁ።

እህትህ